ያለ መብራት የሚሠራ ስቴሪዮ ፕሪአምፕ፦ ከተቃጠለ ሪሲቨር ሳጥን እስከ መጨረሻው ሙከራ

አንድ ዲሽ ሪሲቨር፣ አንድ ስልክ ወይም ዲቪዲ፣ ሁለት ስፒከር፣ በመሐል ደግሞ ከመርካቶ የተገዛ ማዞሪያ የሌለው የአምፕሊፋየር ቦርድ። በቱሉ ዲምቱም ሆነ በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም በብዙ ሳሎን የሚገኘው ዕቃ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ስልኩን ነቅሎ ሪሲቨሩን፣ ሪሲቨሩን ነቅሎ ስልኩን መሰካት ሲደጋገም ሶኬቱ ይላላል። ቮልዩሙም በየሪሞቱ ተበታትኖ ይቀራል። ፓሲቭ ፕሪአምፕ የሚሠራው ሁለት ሥራ ነው፦ የትኛው ዕቃ እንደሚሰማ ይመርጣል፣ ድምፁን ይቀንሳል። ባትሪም አዳፕተርም አይፈልግም።

ስሙ አያሳስታችሁ። ይህ ሳጥን ድምፅ አይጨምርም። እስከ መጨረሻው ሲከፈት የገባውን ያህል ያወጣል፣ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ መቀነስ ነው። ስለዚህ ይሳካ አይሳካ የሚታወቀው መበየጃው ከመሞቁ በፊት፣ ጥቂት ቁጥሮችን በማስተያየት ነው። ብየዳው ራሱ የአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ ነው።

ለእናንተ ዕቃ ይሆናል?

ሲዲና ዲቪዲ ማጫወቻዎች በሙሉ ድምፅ 2 ቮልት ገደማ ያወጣሉ። ስልክ በኢርፎን ቀዳዳው ከግማሽ እስከ 1 ቮልት ይሰጣል። ወደ አምፕሊፋየሩ ስንመጣ፣ በ12 ቮልት የሚሠራው ቲዲኤ7297 ቺፕ የገባለትን 40 ጊዜ ያህል ያበዛል። በዚያ 12 ቮልት ለስፒከሩ ሊሰጥ የሚችለው ግን ከ7 ቮልት ብዙም አያልፍም። 7ን ለ40 ብታካፍሉት 0.175 ይመጣል። ዲቪዲው የሚልከው ቦርዱ ከሚፈልገው 11 እጥፍ በላይ ነው ማለት ነው። ለእንዲህ ያለ ቦርድ የጎደለው ልጓም እንጂ ማጉያ አይደለም።

ስሌት የማይወድ ሰው ስልኩን በቀጥታ ከአምፕሊፋየሩ ጋር ያገናኝ፣ የስልኩን ድምፅ ዜሮ ላይ አድርጎ ይጀምርና ቀስ እያለ ይክፈት። ስልኩ ገና ግማሽ ላይ ሳለ ክፍሉ ከሞላ ፓሲቭ ይበቃል። እስከ ጫፍ ተከፍቶም ድምፁ የሚያንስ ከሆነ ግን ዕቃ አትግዙ፤ ይህ ሳጥን ያንን ትንሽ ድምፅ ይበልጥ ያሳንሰዋል፣ የሚያስፈልጋችሁም ኤሌክትሪክ የሚበላው ዓይነት ነው።

ለሸክላ ማጫወቻ፣ ለማይክሮፎንና ክራር ላይ ለሚለጠፍ ፒክአፕ በቀጥታ አይሆንም። የሸክላ መርፌ የሚያወጣው 5 ሚሊ ቮልት ገደማ ነው፤ ከዚህ ሳጥን በፊት የራሱን ማጉያ ይፈልጋል።

ስንት ኪሎ ፖት?

ፖት ማለት ከማዞሪያው ሥር ያለው፣ ሲዞር መቋቋሙ የሚለዋወጥ ዕቃ ነው። የኦም መጠኑ ከሁለት ወገን ይጨመቃል። በጣም ትንሽ ከሆነ ለሪሲቨሩና ለስልኩ ይከብዳል፣ በጣም ትልቅ ከሆነ ገመዱና አምፕሊፋየሩ ድምፁን ይበሉታል። አማካዩ 10 ኪሎ ኦም ነው። ምክንያቱ እንዲህ ነው፦ ፖት ቮልቱን በግማሽ ሲቀንስ የራሱን ሩብ ያህል መቋቋም በድምፁ መንገድ ላይ ይደቅናል። 10 ኪሎው 2.5 ኪሎ ኦም፣ 100 ኪሎው 25 ኪሎ ኦም ይደቅናል። ሺልድ ያለው ገመድ ደግሞ በሜትር 100 ፒኮ ፋራድ ገደማ ካፓሲታንስ (ቀጭኑን ድምፅ የሚበላ ባሕርይ) አለው። 100 ኪሎ ፖት ከ3 ሜትር ገመድ ጋር ሲገናኝ 21 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ ድምፁ በ3 ዴሲቤል (የድምፅ ልዩነት መለኪያ) ይወድቃል፤ መድከሙ ግን ከዚያ በታች ይጀምራል፣ የጸናጽሉም ጫፍ ይደበዝዛል። 10 ኪሎው ከ1 ሜትር ገመድ ጋር ሲሆን ያው ድንበር ከ600 ኪሎ ኸርዝ በላይ ይሸሻል፤ ያን ጆሮ አይደርስበትም።

ስለዚህ ሕጉ፦ 10 ኪሎ ፖት፣ ከሳጥኑ ወደ አምፕሊፋየሩ ከ1 ሜትር የማይበልጥ ገመድ። ርቀት ካለ ከሪሲቨሩ ወደ ሳጥኑ ያለውን ገመድ አስረዝሙ እንጂ ከሳጥኑ ወደ አምፕሊፋየሩ ያለውን አታስረዝሙ።

የአምፕሊፋየሩ መግቢያ መቋቋም ከፖቱ ቢያንስ 5 እጥፍ ቢሆን ይመረጣል። ቲፒኤ3116 የሚባለው ቺፕ ያለባቸው ቦርዶች ላይ ይህ የሚወሰነው ቦርዱ በስንት እንዲያጎላ እንደተሠራ ነው፦ በ20 ዴሲቤል 60 ኪሎ ኦም፣ በ26 ላይ 30፣ በ32 ላይ 15፣ በ36 ላይ 9 ኪሎ ኦም። የመጨረሻዎቹ ሁለቱም ይሠራሉ፣ ብቻ ማዞሪያው መሐል ላይ ይተኛና መጨረሻው ላይ ይቻኮላል። ቦርዱ የራሱ ፖት ካለው አትንቀሉት። የእናንተ ሳጥን ሙሉ ሲከፈት ከምትፈልጉት ከፍተኛ ድምፅ እንዳያልፍ አድርጋችሁ አንድ ጊዜ አስተካክሉትና ተዉት። ልጅ ማዞሪያውን እስከ ጫፍ ቢያዞረው እንኳ ስፒከሩ ይተርፋል።

የሚገዛው

ከዳር ከተማ መርካቶ ደርሶ መመለስ ግማሽ ቀን ይበላል፤ አንድ ሬዚስተር ረስቶ እንደገና መሄድ ከሬዚስተሩ ዋጋ በላይ የትራንስፖርት ያስወጣል። ይህን ጽፋችሁ ሂዱ፦

ባለ 6 እግር ስቴሪዮ ፖት፣ ኤ10ኬ የሚል ጽሑፍ ያለበት፣ 1። ካላገኛችሁ ቢ50ኬ፤ እንዴት እንደሚሆን ከታች አለ።
ባለ 6 እግር መቀያየሪያ ስዊች፣ ወደ ላይና ወደ ታች የሚል፣ 1። ሁለት ዕቃ ያስተናግዳል። ሦስትና ከዚያ በላይ ካላችሁ ባለ ሁለት ረድፍ 6 ቦታ ያለው ዙር ስዊች ግዙ።
አርሲኤ ሶኬት ከነፕላስቲክ ዋሸሩ፣ 6። ሦስት ቀይ፣ ሦስት ነጭ ወይም ጥቁር። ቀይ የቀኝ፣ ነጭ የግራ ነው።
220 ኪሎ ኦም ሬዚስተር፣ 4። 1 ሜጋ ኦም፣ 2። ለቢ50ኬ በሜጋው ፈንታ 10 ኪሎ ኦም፣ 2። ሁሉም ሩብ ዋት፣ ሰማያዊዎቹ ባለ 1 በመቶ ይሁኑ።
የመበየጃ ሊድ፣ ውፍረቱ ከ0.8 እስከ 1 ሚሊ ሜትር፣ ሁለት ሜትር ይበቃል።
አንድ ክንድ የኔትዎርክ ገመድ፣ አንድ ክንድ ለመብራት መስመር የሚዘረጋው ባለ 1.5 ጠጣር ሽቦ።
አንድ አጭር ቡሎን ከነዳዶው፣ ለፖቱ የሚስማማ ማዞሪያ።

የሬዚስተር ሻጮች ከአንድ መሳቢያ ወደ ሌላ የተቀላቀለ ዕቃ አያጡም። በቀለሙ አረጋግጡ፦ 220 ኪሎው ቀይ፣ ቀይ፣ ጥቁር፣ ብርቱካናማ፣ ቡናማ ነው። 1 ሜጋው ቡናማ፣ ጥቁር፣ ጥቁር፣ ቢጫ፣ ቡናማ። 10 ኪሎው ቡናማ፣ ጥቁር፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ ቡናማ። ሰማያዊ መደብ ላይ ቡናማና ቀይ በመብራት ይሳሳታሉ፤ ስለዚህ መልቲሜትር ይዛችሁ ሂዱ።

ፖቱን ባንኮኒው ላይ ለኩት

የሳጥኑ ጥሩነት በሙሉ ያለው በዚህች ፖት ውስጥ ነው። መልቲሜትሩን 20 ኪሎ ኦም ላይ አድርጉ። ዘንጉን ወደ ራሳችሁ፣ እግሮቹን ወደ ታች ያዙ። ከዘንጉ አጠገብ ያለው ረድፍ አንድ ቻናል (የግራ ወይም የቀኝ ድምፅ መስመር) ነው፣ ከኋላ ያለው ሌላኛው።

ግራና ቀኝ እግሮቹን ስትለኩ ከ8 እስከ 12 ኪሎ ኦም ያለ ማንኛውም ቁጥር ለኤ10ኬ ደህና ነው። አሁን አንዱን የመልቲሜትር ጫፍ ግራ እግር ላይ፣ ሌላውን መሐል እግር ላይ አድርጉና ማዞሪያውን በትክክል ግማሽ ላይ አቁሙት። ከ1 እስከ 1.5 ኪሎ ኦም ካነበባችሁ ሎግ (መጀመሪያ ላይ ቀስ ብሎ የሚጨምር) ነው፤ ለድምፅ የሚፈለገው እሱ ነው። 5 ኪሎ ካነበባችሁ ሊኒየር (እኩል እኩል የሚጨምር) ነው፣ ጽሑፉ ምንም ይበል። በብዛት ኤ ሎግ፣ ቢ ሊኒየር ቢሆንም ከአንዳንድ የድሮ የአውሮፓ ዕቃዎች የተነቀሉት ላይ ፊደሉ ይለያል። ፊደሉን ሳይሆን ሜትሩን እመኑ።

አሁን ማዞሪያውን ሳትነኩ የኋላውን ረድፍ ለኩ። የፊቱ 1.30 ኪሎ፣ የኋላው 1.46 ኪሎ ቢሆን ልዩነቱ 1 ዴሲቤል ነው፣ ጆሮ አይለየውም። ልዩነቱ 1.26 እጥፍ ከሆነ 2፣ 1.41 እጥፍ ከሆነ 3 ዴሲቤል ነው። እሱ ላይ ዘፋኙ ከመሐል ተነሥቶ ወደ አንዱ ስፒከር ይጠጋል። ሦስት ቦታ ለኩ፦ ሩብ፣ ግማሽ፣ ሦስት ሩብ። ርካሽ ፖቶች የሚወድቁት ሩቡ ላይ ነው፤ ማታ ልጆች ሲተኙ የምትሰሙት ደግሞ በዚያችው ሩብ ነው። አምስት ፖት አስወጥታችሁ ብትለኩ ሻጩ ፊቱን ያጠቁር ይሆናል፤ ሁለት ገዝቶ የተሻለውን መምረጥ ሰላም ያወርዳል።

ቢ50ኬ ብቻ ከተገኘ

ሊኒየር ፖት ገና ትንሽ ሲነካ ድምፁ ይፈነዳል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ዙር ከንቱ ነው። መፍትሔው በየቻናሉ ከመሐል እግር ወደ ግራ እግር 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር መበየድ ነው። ግማሽ ላይ ሲሆን የታችኛው 25 ኪሎ ከ10 ኪሎው ጋር ተጣምሮ 7.1 ኪሎ ይሆናል፤ ስለዚህ የሚወጣው 22 በመቶ ብቻ ነው፣ ያለ ሬዚስተሩ 50 ይሆን ነበር። እውነተኛ ሎግ አይሆንም፣ ለጆሮ ግን ይቀርባል። ሙሉ ሲከፈት የሳጥኑ መግቢያ ወደ 8.3 ኪሎ ኦም ይወርዳል፣ ያን ስልክም ዲቪዲም ይሸከሙታል። ከ10 ኪሎ በታች ሬዚስተር አታድርጉ።

ሳጥኑ

ከሁሉ የሚሻለው የተቃጠለ ሪሲቨር ሳጥን ነው። ላሜራ ነው፣ ክዳን አለው፣ በዲዛይኑም የሳሎን ዕቃ ነው። ምናለሽ ተራ ሞልቷል፤ ሰፈር ውስጥ የሚዞረው ቁራሌውም አያጣውም። የወተት ዱቄት ጣሳም ይሆናል፣ ከቀለለ ግን ገመዱ ጎትቶ ይጥለዋል። የፕላስቲክ ሳጥን ግን ተዉት፣ ከውጭ የሚመጣ ጣልቃ ገብ ድምፅ አይከላከልም።

ሪሲቨሩ በቀጥታ 220 ቮልት የሚሰካ ዓይነት ከሆነ ተጠንቀቁ። ከመስመሩ አጠገብ ያለው ትልቁ ካፓሲተር ሲሠራ 310 ቮልት ገደማ ይይዛል፣ ከተነቀለም በኋላ ሊያቆየው ይችላል። ክዳኑን ስትከፍቱ ሰሌዳውን አትንኩ። መልቲሜትሩን 1000 ዲሲ ቮልት ላይ አድርጋችሁ የካፓሲተሩን ሁለት እግሮች ለኩ፤ ከ10 ቮልት በላይ ካለ ባለ 2.2 ኪሎ ኦም 5 ዋት ሬዚስተር እጀታው በተሸፈነ ፒንሳ ይዛችሁ ለጥቂት ሴኮንድ አገናኙበት፣ ደግማችሁ ለኩ። በካቻቪቴ ሁለቱን እግሮች ማገናኘት ግን ብልጭታው ዓይን ያጠፋል። ከዚያ ሰሌዳውን በሙሉ አውጡና ሳጥኑን ብቻ አስቀሩ። አሮጌዎቹን አርሲኤ ሶኬቶች ለማትረፍ ሰሌዳ በመጋዝ መቁረጥ ድካሙም አቧራውም አያዋጣም።

ፊት ለፊት ለፖቱና ለስዊቹ፣ ከኋላ ለስድስቱ ሶኬቶች ቀዳዳ ብሱ። ትንሿ ፖት ብዙውን ጊዜ 7፣ ስዊቹ 6 ሚሊ ሜትር ይፈልጋል፤ ሶኬቶቹ ግን ከሱቅ ሱቅ ስለሚለያዩ በእጃችሁ ያለውን ለክታችሁ ብሱ። መጀመሪያ በሚስማር ምልክት ምቱ፣ በ3 ሚሊ ፑንታ ጀምሩ፣ ከዚያ ትልቁን አስገቡ። ላሜራውን በእጅ ይዛችሁ አትብሱ፣ ፑንታው ሲነክስ ያሽከረክረዋል። ከእንጨት ጋር በሞርሳ እሰሩት። ጠርዙን በሞረድ አለስልሱ። የብረት ፍቅፋቂ ከውስጥ አንድም አይቅር፤ ስዊቹ ውስጥ ከገባ ለወራት የማይያዝ ችግር ይሆናል።

በሶኬቶቹ መሐል ለአንዲት ቡሎን ቀዳዳ ብሱና ዙሪያውን ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያብለጨልጭ ፈግፍጉ። ሳጥኑ ከግራውንድ (ከድምፁ መመለሻ መስመር) ጋር የሚገናኘው በዚህች ቦታ ብቻ ነው። በአልሙኒየም ሳጥን የምትሠሩም ብትሆኑ ያው ቡሎኗን ተጠቀሙ፣ ሊድ አልሙኒየምን አይዝምና።

ብየዳው

ከ30 እስከ 40 ዋት መበየጃ ይበቃል። ለራዲያተር የሚሸጠውን አሲድ አታስጠጉ፣ እግሮቹን ቀስ በቀስ ይበላል። ሊድ ውስጥ እርሳስ ስላለ መሶብ በሚቀርብበት ጠረጴዛ ላይ አትሥሩ፣ መስኮት ክፈቱ፣ ከጨረሳችሁ እጃችሁን ታጠቡ።

አንደኛ፣ ስድስቱን ሶኬቶች ከነፕላስቲክ ዋሸራቸው እሰሩ፤ ብረታቸው ሳጥኑን እንዳይነካ በመልቲሜትር አረጋግጡ። ከግራ ወደ ቀኝ፦ ዕቃ 1፣ ዕቃ 2፣ መውጫ።

ሁለተኛ፣ ባለ 1.5 ሽቦውን ልጣችሁ በስድስቱም ሶኬቶች የግራውንድ ጆሮ ላይ አሳልፉትና በይዱ። ከመውጫው ሶኬት አጠገብ አንድ አጭር ሽቦ አውጥታችሁ በቡሎኗ ሳጥኑ ላይ እሰሩ። ሌላ የትም ቦታ ግራውንድ ከሳጥን ጋር አይገናኝም፣ የፖቱ አካል ሲቀር። እሱ በዳዶው በኩል ከሳጥኑ ጋር ይያያዛል፤ ከሥሩ ያለውን ቀለም መፈግፈግ አትርሱ።

ሦስተኛ፣ በአራቱ መግቢያ ሶኬቶች ላይ ከመሐል ወደ ግራውንድ አንድ አንድ 220 ኪሎ ሬዚስተር በይዱ። እነዚህ ከሌሉ ስዊቹ በተቀየረ ቁጥር ስፒከሩ «ጧ» ይላል፤ የዕቃው የመጨረሻ ካፓሲተር ያጠራቀመውን የሚያፈስበት መንገድ አጥቶ ነው።

አራተኛ፣ ከኔትዎርክ ገመዱ ጥንድ ጥንዱን ሳትፈቱ አውጡ። ሙሉ ቀለሙ ድምፅ፣ ነጭ ዝንጉርጉሩ ግራውንድ ይሁን። ከዕቃ 1 ግራና ቀኝ ወደ ስዊቹ አንድ ጫፍ ሁለት እግሮች፣ ከዕቃ 2 ወደ ሌላው ጫፍ ሁለት እግሮች ውሰዱ። ዝንጉርጉሩን ሶኬቱ ጋ ብቻ በይዱት፣ ስዊቹ ጋ ቁረጡት። የስዊቹ ዘንግ ወደ ላይ ሲሆን መሐሉ የሚገናኘው ከታችኛው እግር ጋር ነው፤ «ስልክ» እና «ዲሽ» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ሞክሩት። የኔትዎርክ ሽቦ ጠጣር ነው፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ከታጠፈ ይሰበራል፤ ርዝመቱን አስቀድማችሁ ለክታችሁ ቁረጡ።

አምስተኛ፣ ፖቱ። ከስዊቹ መሐል እግሮች ወደ ፖቱ ቀኝ እግሮች። ከፖቱ መሐል እግሮች ወደ መውጫ ሶኬቶች። የፖቱ ግራ እግሮች ወደ ግራውንድ። ግራና ቀኝ የተባለው ዘንጉ ወደ እናንተ፣ እግሮቹ ወደ ታች ሆነው ሲታይ ነው፤ ብየዳው ግን የሚሠራው ከኋላ ስለሆነ ሁሉም ይገለበጣል። ከመጀመራችሁ በፊት የግራውን እግር በጥቁር ማርከር ቀቡት። አንድ እግር ላይ ከ3 ሴኮንድ በላይ አትቆዩ፣ ውስጡ ያለው ቅባት ይቀልጥና ዘንጉ ይላላል።

ግራ እግሮቹን በተለይ ተጠንቅቃችሁ በይዱ። እነዚህ ከተለቀቁ ፖቱ መቀነስ ያቆማል፤ ማዞሪያው ዜሮ ላይ ሆኖ ድምፁ ሙሉ በሙሉ ወደ አምፕሊፋየሩ ይሄዳል፣ ስፒከር የሚቃጠለውም እንዲህ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ግራ እግሮች በአጭር ሽቦ እርስ በርስ አያይዙ፣ ከዚያ ከእያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ዝንጉርጉር ሽቦ ወደ መውጫ ሶኬቶቹ ግራውንድ ውሰዱ። አንዱ ቢበጠስ ሌላው ይይዘዋል።

ስድስተኛ፣ ከመሐል እግር ወደ ግራ እግር 1 ሜጋ ሬዚስተር በየቻናሉ። ለቢ50ኬ በዚሁ ቦታ 10 ኪሎው። የመሐል እግሩ በአቧራ ለአፍታ ቢለቅ የአምፕሊፋየሩ መግቢያ ባዶ ሆኖ እንዳይጮህ ያደርጋል።

ጥሩ ብየዳ ያብረቀርቃል፣ እግሩ ላይ እንደ ድንኳን ተንጠልጥሎ ይወርዳል። ግራጫና ድቡልቡል ከሆነ አልያዘም፤ ሽቦውን ጎተት አድርጉት፣ ከተነቃነቀ ድገሙት።

ከመሰካት በፊት መለካት

ምንም ገመድ ሳይሰካ የተመረጠውን መግቢያ መሐሉንና ግራውንዱን ለኩ። በኤ10ኬ ማዞሪያው የትም ቢሆን 9.5 ኪሎ ገደማ ማንበብ አለባችሁ። በቢ50ኬ ዜሮ ላይ 41፣ ሙሉ ላይ 8 ኪሎ ገደማ። ያልተመረጠው መግቢያ 220 ኪሎ ያሳያል። መውጫው ዜሮ ላይ ጥቂት ኦም ብቻ ይሁን። ዜሮ ላይ ኪሎ ኦም ካነበባችሁ ግራ እግር አልተያያዘም ወይም ግራና ቀኝ ተቀያይሯል፤ አትሰኩት። መግቢያው ዜሮ ላይ ወደ ባዶ ኦም የሚወርድ ከሆነ ደግሞ መግቢያና መሐል እግር ተቀያይረዋል። እንዲህ የተሠራ ሳጥን ድምፁን ይቀንሳል፣ ግን ስልኩን በቀጥታ ከግራውንድ ጋር እያገናኘ ነው።

ገመዶቹን ሁሉ ስትሰኩ አምፕሊፋየሩም ሪሲቨሩም ከመብራት ይነቀሉ። ባለ ሁለት እግር ስፒና ያላቸው ዕቃዎች ብረታቸው ሲነካ ትንሽ ይነዝራል፤ ያ ንዝር በአርሲኤው ጫፍ በኩል ከገባ የአምፕሊፋየሩን ቺፕ ሊገድል ይችላል። ከዚያ ማዞሪያው ዜሮ፣ ዕቃው ይበራ፣ አምፕሊፋየሩ በመጨረሻ። ስታጠፉ አምፕሊፋየሩ መጀመሪያ። መብራት ሲሄድም ማዞሪያውን ዜሮ አድርጉት፣ ተመልሶ ሲመጣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚነሣ።

እምምም ሲል

ይህ ሳጥን ኤሌክትሪክ ስለሌለው የራሱ እምምታ የለውም። የሚሰማው የመስመሩ 50 ኸርዝ ወይም እጥፉ 100 ነው፣ ከሌላ ቦታ መጥቶ በዚህ የሚያልፍ። በግምት ሽቦ አትቀያይሩ፣ በቅደም ተከተል ለዩት።

የሳጥኑን ገመድ ከአምፕሊፋየሩ ንቀሉ። ካልጠፋ ጥፋቱ የአምፕሊፋየሩ ወይም የአዳፕተሩ ነው። ከጠፋ ሳጥኑን ብቻውን፣ ያለ ምንም ዕቃ መልሱ። አሁን ካለና ማዞሪያውን በእጅ ስትይዙ የሚለዋወጥ ከሆነ የፖቱ አካል ከሳጥኑ ጋር አልተያያዘም፤ ቀለሙን ድጋሚ ፈግፍጉ። ዝም ካለ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ጨምሩ።

በአብዛኛው ወንጀለኛው የዲሹ ገመድ ነው። ዲሹ ጣሪያ ወይም በረንዳ ብረት ላይ ታስሯል፣ ብረቱ ከሕንጻው ጋር ነው፣ አምፕሊፋየሩ ወይም ኮምፒውተሩ ደግሞ በስፒናው ሦስተኛ እግር በኩል ወደ ምድር ይሄዳል። ሁለቱ መንገዶች በእናንተ አርሲኤ ገመድ በኩል ይዘጋሉ። ሪሲቨሩን አጥፍታችሁ የዲሹን ገመድ ከኋላው ፍቱት፣ መልሳችሁ አብሩ፤ ሥዕሉ ይጠፋል፣ እምምታውም አብሮ ከጠፋ ተገኘ። መጀመሪያ ሁሉንም ዕቃ በአንድ ዲቫይደር ላይ ሰኩ። ካልበቃ ለመኪና ቴፕ የሚሸጠውን የግራውንድ ሉፕ ማጥፊያ በሪሲቨሩና በሳጥኑ መሐል አድርጉ፤ ርካሾቹ ባሱን ትንሽ ያሳሳሉ። የስፒናውን ሦስተኛ እግር መቁረጥ እምምታውን ያጠፋል፣ አንድ ቀን ግን ሰው ይይዛል። እንዳታደርጉት።

ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩን ንቀሉ፤ በባትሪ ሲሆን ከጠራ መልሱ ያው ነው። ስልክ ሳጥኑ ላይ ተቀምጦ ጥሪ ሲመጣ «ድድድት ድድድት» የሚለው የሚጠገን ሳይሆን የሚራቅ ነው።

በፉሪ ተራራ ወገን ያላችሁ ወይም ሌላ ማሰራጫ ምሰሶ አጠገብ የምትኖሩ ከዘፈኑ ሥር ሬዲዮ ብትሰሙ አትገረሙ። በመውጫ ሶኬቶቹ ላይ ከመሐል ወደ ግራውንድ 100 ፒኮ ፋራድ ሴራሚክ በይዱ፣ ክዳኑን በሁሉም ቡሎኖቹ እሰሩ።

ሌሎች ጥፋቶች

አንዱ ቻናል ብቻ ካልተሰማ ከኋላ በመውጫው ላይ ቀይና ነጩን አቀያይሩ። ዝምታው ወደ ሌላው ስፒከር ከተሻገረ ጥፋቱ ከሳጥኑ ወይም ከዚያ በፊት ነው፣ ካልተሻገረ ከአምፕሊፋየሩ ወዲያ። ድምፁ ማዞሪያው መሐል ሲሆን ደብዝዞ ሙሉ ሲከፈት የሚጠራ ከሆነ ገመዱ ረዝሟል ወይም ፖቱ 100 ኪሎ ነው። ዘፋኙ ጠፍቶ ማጀቢያው ብቻ ከቀረ ግራውንድ ተበጥሷል፤ ከኢርፎን ወደ አርሲኤ የሚቀይረው ርካሽ ገመድ ላይ የተለመደ ነው።

ማዞሪያው ሲዞር ኮሽ ኮሽ ካለ ወዲያው «አቧራ ነው» አትበሉ። ዕቃው እየተጫወተ ባለበት ድምፁን ሙሉ ዝቅ አድርጋችሁ የዕቃውን መውጫ በዲሲ ሚሊ ቮልት ለኩ። ከጥቂት ሚሊ ቮልት በላይ ካነበባችሁ የዚያ ዕቃ የመጨረሻ ካፓሲተር እያሾለከ ነው፤ ፖት መቀየር አይጠቅምም። ዜሮ ከሆነ አቧራው ነው፣ ግንባታ ባላቆመ ሰፈር ደግሞ አቧራ አይጠፋም። በእግሮቹ በላይ ባለው ክፍተት ኮንታክት ክሊነር አንድ ጊዜ ንፉና ከጫፍ ጫፍ ሃያ ጊዜ አዙሩት፣ ሩብ ሰዓት ይድረቅ። የስፌት መኪና ዘይት የሚያፈስ አለ፤ ለሳምንት ጸጥ ያሰኘዋል፣ ከዚያ አቧራውን አጣብቆ ያስቀምጠዋል።